ካልሲ ማድረግ ይችላሉ?

እናቴ በዕድሜዋ ካልሲ አድርጋ አታውቅም። ደሴ ዙሪያ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት። ብርዱ ሲጠና እግሯን በጋቢዋ ጫፍ ትጠቀልላለች እንጂ፣ ካልሲ የሚባለውን ነገር ለወንዶች ልጆቿ ከማጠብ በቀር ጉዳይ ኖሯት አያውቅም። እና አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ፣ ቆዳው የተላጠ ወንበር ላይ ቁጭ አድርገው «ካልሲ ማድረግ ይችላሉ?» ብለው ጠየቋት። እሷም «አዎ የኔ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እግሯ የዳነው እንግዲህ በዚህች መልስ ነው። ማለቴ፣ በእነሱ ቤት ዳነ የተባለው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለበለዚያ ንዴቴ ይቀድመኛል። እናቴ ከጎረቤት ተዝያ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት አዳለጣትና የጭኗ አጥንት ተሰበረ። የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷት፣ ከዚያ በመኪና ወደ ኮምቦልቻ። ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ብረት ገባላት፣ ስትወጣም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እኔ ቤት አረፈች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ከስፌት መኪናዬና ከእኔ ሌላ ሰው የማታስገባ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባል የለኝም፣ ልጆቼ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። ስለዚህ ወንድሞቼ ተሰብስበው፣ እኔን ሳያማክሩ፣ ማስታመሙን ለእኔ መረቁልኝ። «ለጥቂት ጊዜ ነው» አሉ። እነሱ ጥቂት ሲሉ ምን ያህል እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጥንቱ ገጠመ። ግን ጠሞ ገጠመ። እግሯ ወደ ውጭ እንደዞረ ቀረ፣ ከሌላኛውም አጠረ። ቁጢጥ ማለት አትችልም፤ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው እኛ ሰፈር ሽንት ቤት እንዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን መሬት ማስነካት አትችልም፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ቀና እያለች ትሰግዳለች። ከሁሉ የባሰው ግን የደጇ ነገር ነው። ከአስፋልቱ እስከ እናቴ ቤት ያለው መንገድ ጤነኛ ሰው እንኳ እጁን እየተመረኮዘ የሚወርደው ገደል ነው። በዚያ እግር አይወረድም። የእሷ ምኞት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ደጇ መመለስ። ከጎመኗ፣ ከጎረቤቶቿ፣ አባቴ ከተቀበረበት ዛፍ ሥር። አፍ አውጥታ አልተናገረችውም፤ ግን ጧት ጧት ጭጋጉ ሲገለጥ መስኮቴ ጋ ቆማ ወደ ማዶ ስታይ እኔ ቡናዬ እየቀዘቀዘ አያታለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ወሬ ሰማን። ከሩቅ የሚመጡ የአጥንት ሐኪሞች ኮምቦልቻ ይመጣሉ፣ ከዚህ በፊት ታክመው ውጤታቸው መጥፎ የሆነባቸውን ሰዎች መርጠው እንደገና ያቃናሉ ተባለ። መጥፎ መሆኑን የሚወስነው ማነው? ክትትሉ። ክትትል ማለት ሕመምተኛው ከታከመ በኋላ ወራት ሲያልፉ ጠርቶ «እንዴት ሆንክ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ነገሩ ጥሩ ነው፣ እኔ አልጠላሁትም። የጠላሁት አጠያየቃቸውን ነው።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት የሆስፒታሉ ሐኪም እናቴን ቀና ብሎም አላያት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ «ቆንጆ! በጣም ቆንጆ ገጥሟል» አለ። ለራጁ ፈገግ አለለት። እናቴ እዚያው አጠገቡ በአንድ እግሯ ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«ዶክተር፣ እግሯስ?» አልኩት።

«ያልኩሽ እኮ እግሯን ነው» አለኝ።

ኧረ ጉድ! በወረቀት ላይ ያለውን እግር አይቶ በቀሚስ ሥር ያለውን ጨረሰው። እኔ ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለብሳ ፊቴ ቆማ፣ እኔ የልኬቱን ወረቀት እያየሁ «እንዴት አማረብሽ!» ብላት፣ መቀሴን ነጥቃ ታሳድደኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ የምትለብሰው የዒድ ልብሷን ነው። የሚያክማትን ሰው ማክበር አለብኝ ትላለች። እና ከመሄዳችን በፊት «ይች ቀሚስ በዚህ በኩል መሬት ትጠርጋለች፣ አሳጥሪልኝ» አለችኝ። ባጠረው እግሯ በኩል መሆኑ ነው። ጠርዙን ቀድጄ፣ በዚያ በኩል ከፍ አድርጌ መልሼ ሰፋሁት። መቼም ሥራዬ ሥራ ነው! ቆማ ስትታይ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ሆነ። ያንን የጠመመ እግር ከሐኪም ዓይን የሸፈነው የገዛ እጄ ነው። እጄን በቆረጠው!

ሁለተኛ ሲጠሩን ዋናው ጥያቄ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚመረምሯቸው ሰዎች በዚህ ይለያሉ። አሁን የጠበቀን ሐኪሙ ሳይሆን ክትትሉን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ፣ እጁ ላይ ታብሌት። ሲበዛ ትሁት። ክፋቱም እሱ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ እናቴም ቆጣ ብላ እውነቱን ታወጣው ነበር። ተነስቶ ተቀበላት፣ «እማማ» አላት፣ ወንበሩን ራሱ አቀረበላት። በቃ፣ ያኔ ነው ያለቀልን።

«እማማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ደረጃ መውጣት ይችላሉ?»

እናቴ ቤት ደረጃ የለም። እኔም ቤት የለም። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«በመኪና መሄድ ይችላሉ?»

«ይኸው በመኪና አይደል የመጣነው።»

«ካልሲ ማድረግ ይችላሉ?»

ይህን ጊዜ እኔን አየችኝ። ካልሲ ምን እንዳደረገ ግራ ገብቷታል። ልጁ ግን በአክብሮት ነው የጠየቃት፣ አሳፍሬ አልመልሰውም ብላ «አዎ የኔ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችው። እሱም ነካ አደረጋት ታብሌቷን። ሱጁድ ይወርዳሉ ወይ የሚል ጥያቄ የለም። ሽንት ቤት ይገባሉ ወይ የለም። ቁልቁለት ይወርዳሉ ወይ የለም። ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው በየትኛው አገር፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ካልሲውን ሲያደርግ ኖሮ እንዳወጣው አላውቅም፤ ደሴ ዙሪያ ግን ረግጦ እንደማያውቅ እምላለሁ።

ቀጠለ። «ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?»

እናቴ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ትጠባለች። ከዚያ ፊቷ በራ፣ «አስር» አለች።

እፎይ አልኩ። እውነቱ ወጣ አልኩ። ልጁም ደንግጦ ቀና አለ። «አስር? እማማ፣ አስር ማለት እኮ ጨርሶ የማይቻል ሕመም ማለት ነው።»

«አስተግፊሩላህ! እኔማ ጎበዝ፣ ደህና አድርጋችሁ ሠርታችኋል ብዬ ነው አስር የሰጠኋችሁ! በል በል፣ ዜሮ አድርግልኝ።»

ዜሮ አደረገላት።

ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። «አንተ፣ ስማኝ እንጂ! ይች ሴትዮ ሽንት ቤት የምትገባው እኔን ተደግፋ ነው! ግንባሯ መሬት ከነካ ዓመቱ!» አልኩት። ልጁ በዚያች ትሕትናው፣ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ቤተሰብ እንዲመልስ አይፈቀድም። መልሱ የታካሚዋ መሆን አለበት» አለኝ። እናቴም ወደ እኔ ዞራ፣ «ዝም በይ እስቲ፣ ሥራውን ይሥራበት» አለችኝ። እሱ ይሥራ፣ እሷ ትመርቅ፣ እኔ ልቃጠል። ውጤቷ «በጣም ጥሩ» ተባለ። በጣም ጥሩ የሆነ ሰው ደግሞ ሐኪሞቹ ፊት አይቀርብም።

ድንቄም ክትትል!

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ከደሴ ለብሳ የወረደችውን ጋቢ እኔ ላይ ጣለችውና በር ላይ ባለች ጥላ ሥር ባጃጅ ስንጠብቅ አፈነዳሁት። «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ለምን አትናገሪም? መጥፎ ነው ብትዪው እኮ ያቃኑልሽ ነበር። ደጅሽ ትገቢ ነበር!»

«እና ጌታዬን ለሰው ልክሰስ?» አለችኝ።

«ጌታሽን ማን ክሰሺ አለሽ? የምትከሺው ብረቱን ነው!»

«ብረቱን ያስገባው ልጅ ደክሞበታል። አንድ ሰው ደክሞ ሠርቶልኝ፣ ፊቱ ላይ ሥራህ ጠማማ ነው ልበለው? ነውር አይደለም?»

«እኔ የሰፋሁት ቀሚስ በአንድ ጣት ሲጠም እስከ ጎረቤት አይደል የምታሰሚኝ?»

«ቀሚስ ሌላ ነው» አለች፣ በጣም ቀላል ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። «ቀሚሱን የሰፋሽው አንቺ ነሽ።»

ወላሂ፣ ከዚህች ሴት ጋር መከራከር ትርፉ የራስ ምታት ነው። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ያን ዕለት ከእኛ በፊት የተጠየቁትን ሽማግሌዎች ተራ ስንጠብቅ በክፍቱ በር ሰምቻቸዋለሁ። ክንዱ የማይታጠፈውም አልሐምዱሊላህ፣ በሁለት ክራንች የገባውም እግዚአብሔር ይመስገን። በቃ፣ ወሎ ውስጥ እንዴት ነህ ብለህ እውነቱን የምታገኝ ይመስልሃል? እንዴት ነህ ማለት እኛ ጋ ሰላምታ ነው፤ መልሱም ምስጋና ነው። ይህን የማያውቅ ፈረንጅ ቢሆን እሺ፤ ያ ማተብ ያሰረ ልጅ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ጧት ከቤቱ ሲወጣ እናቱም እንደዚሁ ነው የምትመልስለት። ያንን ምስጋና ተቀብሎ የሕክምና ውጤት ነው ብሎ አስቀመጠው።

እኔ መናገር አላንስም። ተናግሬ ግን ምን አተረፍኩ? የጥርሴን ጉዳይ ላውጋችሁ። ከፊት ሦስት ጥርሶቼ አልቀው ነበርና ፒያሳ አንድ ጥርስ የሚሠራ ሰው ጋ ሄጄ በሁለቱ ደህና ጥርሶቼ መሀል ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባሁ። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝና «ፈገግ በዪ» አለኝ። ፈገግ አልኩ። እውነት ለመናገር አምሮብኝ ነበር። በስልኩ ፎቶ አነሳኝ።

ቤቴ ገብቼ ቆሎ አፌ ውስጥ ስጨምር ግን ነገር ዓለሙ ተነቃነቀ። ተመልሼ ሄድኩ። «ምን በላሽ?» አለኝ። ቆሎ አልኩት። «ቆሎማ አይበላም!» በቆሎ እሸትስ? «እሱም አይሆንም።» ሥጋ? «ተከትፎ።» እንግዲያ ጥርስ ለምንድነው? ብዬ ጠየቅሁት። «መልክ እኮ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በመልኬ ምን ልሠራበት! ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ ከዚያው ቤት ስልክ ደወለችና «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት» አለችኝ። «ከአንድ በታች የለሽም?» አልኳት። የለም አለች። ቆሎውንም፣ መነቃነቁንም፣ አፌን ስከፍት በምላሴ ደግፌ እንደማወራም አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ስጨርስም «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብላ ዘጋችው። ሌላ ቀን በዚያ በር ሳልፍ ውስጥ ግድግዳው ላይ ማን ተሰቅሎ ባይ ጥሩ ነው? እኔ! ጥርሴን ገልጬ፣ ተጎልቼ፣ «የተሳካ ሕክምና» ከሚል ጽሑፍ ሥር። እናቴ አመስግና በጣም ጥሩ ተባለች፣ እኔ ተራግሜ ግድግዳ ላይ ተሰቀልኩ። አጂብ ነው!

እንግዲህ የሐኪሞቹ መምጫ ደረሰ። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ኮምቦልቻ ወረድኩና ያ የክትትል ልጅ ቢሮ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሲገባም ሲወጣም አየኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሲወጣም እዚያው ነኝ። በመጨረሻ «እህቴ፣ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። «እናቴን ደግመህ ጠይቃት» አልኩት። ደንቡ አይፈቅድም አለ። «ደንቡ ካልሲ ይፈቅዳል?» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። አፈረ መሰለኝ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት አምጫት። ግን እሷ ራሷ ካልተናገረች እኔ ከአፏ ያልወጣውን አልጽፍም» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እናቴን አስጠናኋት። ሊጠይቃት የሚችለውን እየጠየቅሁ፣ መልሷን እያረምኩ። «እግርዎ እንዴት ነው ሲልሽ ምን ትያለሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «እማ!» «ኧረ እሺ... ትንሽ ያመኛል።» «ትንሽ አይባልም!» «አንቺ ልጅ፣ ልታስዋሺኝ ነው?» «እውነት እኮ ነው!» «እውነትም ቢሆን እንዲህ አይነገርም።» በመሀል እጮሃለሁ። ስጮህ ዝም ትላለች። ዝም ስትል የባሰ እጮሃለሁ።

ቀኑ ደረሰና ወረድን። እሷ የዒድ ልብሷን ለብሳ፣ ለልጁ ከወንድሜ ጓሮ የመጣ ድንች በፌስታል ይዛ። ተቀበለን፣ ወንበር አቀረበ፣ ታብሌቷን አወጣ።

«እማማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ የኔ ልጅ። አንተስ ደህና ነህ? እናትህስ?»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሳምንት ሙሉ ያስጠናሁት ትምህርት በአንድ ትንፋሽ ሄደ። ደረጃም አልሐምዱሊላህ፣ መኪናም አልሐምዱሊላህ። አሁን አልጮህኩም፤ አቅምም አልነበረኝም። ልጁ እኔን አየ፣ «አየሽ» ማለቱ ነው፣ ታብሌቷንም ሊዘጋ ሆነ። በቃ፣ ከደጇ ጋር ተቆራረጠች ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

እናቴ ግን አልተነሳችም። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ደክመህልኛል፣ ዱዓ ላድርግልህ» አለችው።

የወሎ ልጅ፣ ማተብ ይሰር መስጊድ ይሂድ፣ ትልቅ ሰው ዱዓ ላድርግልህ ሲለው እምቢ አይልም። ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ።

«ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ ከክፉ ዓይን ሰውርልኝ» አለች።

«አሚን።»

«እናቱን አታሳጣው። ለወግ ለማዕረግ አብቃልኝ።»

«አሚን።»

«አገራችንን ሰላም አድርግልን። የሄደውን መልስልን፣ ያዘነውን አጽናናልን።»

«አሚን።» ልጁ ከልቡ ነው የሚለው፤ ድምፁ ደመቅ ያለ ነው።

ዓይኗን ጨፈነች። «እኔንም ባሪያህን አትርሳኝ። ያ ረቢ፣ ይችን እግር አንተ ታውቃታለህ። ለሰው አልከሰስኩህም። ጎኔን የምታነደው፣ እንቅልፌን የወሰደችው እሷ ናት። አንተው ሐኪሟን አምጣላት።»

«አሚን» አለ ልጁ። ካለ በኋላ የሰማው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አያት።

«በሰው ትከሻ ሽንት ቤት መግባት አንገፍግፎኛል። ገመናዬን ሸፍንልኝ።»

«አሚን።»

«ወንበር ላይ ሆኜ እየሰገድኩ አፍሬብሃለሁ። መሬት ሳይውጠኝ በፊት ግንባሬን አንዴ ከመሬትህ አገናኝልኝ። ደጄን ሳላይ አትውሰደኝ።»

ልጁ አሚን ሲል ድምፁ አልወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«ልጄን ከእኔ ገላግላት» አለች እናቴ። «ደህና ነኝ የምላት እንዳትቆጣ ብዬ ነው። ዋሽቻት ከሆነ አውፍ በለኝ።»

አሚን ማለቱ የእኔ ተራ ነበር። ዱዓ ላይ ተቀምጦ አሚን አለማለት አይቻልም፤ ማለት ደግሞ እናቴ ከቤቴ ትውጣልኝ ማለት ነው። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። እሷ አልጠበቀችኝም፣ መዳፏን ፊቷ ላይ አሳልፋ ዱዓውን ዘጋችው፣ ጋቢዋንም ሰብሰብ አድርጋ «በሉ እንሂድ» አለች። ለሰው አልተናገረችም፤ ለጌታዋ ነው የተናገረችው። እኛ ሁለታችን እዚያ የተቀመጥነው በአጋጣሚ ነው።

ልጁ ታብሌቷን መልሶ አነሳ። ከዚያ «እማማ፣ ካልሲ አድርገው ያውቃሉ?» አላት።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ካልሲ ምን ያደርግልኛል?»

ታብሌቷን ወደዚያ ገፋት። «እህቴ፣ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» አለኝ። ያንን በእጄ ያቃናሁትን ጠርዝ ከጉልበቷ አደረስኩት። አቆማት፣ ከፊት አያት፣ ከኋላ አያት፣ እግሮቿን አጠጋግቶ አያቸው። ስንት ጊዜ ተመላልሰን፣ ያን እግር ሰው ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነበር። «እንዴት እስከ ዛሬ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ይተወው፣ የሚጨርሰው ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ተመልሶ ቁጭ አለና በጣም ጥሩ የሚለውን አጥፍቶ መጥፎ የሚለውን ነካ። እናቴ ተጨነቀች፣ «በእኔ የተነሳ አለቆችህ ይቆጡሃል እንዴ?» አለችው። «አብሽሩ እማማ» አላት።

ሐኪሞቹ መጡ፣ አዩዋት፣ እግሯን እንደገና ሰብረው አቃኑት። ዛሬ ደጇ ናት፤ ያንን ቁልቁለት በከዘራ ትወርደዋለች፣ ግንባሯም መሬት ይነካል። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ዕለት ከኮምቦልቻ የተመለስንበትን ጉዞ ሳልናገር ባቆም ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሚኒባሱ ሞልቶ ወደ ደሴ አቀበቱን ጀመረ። እናቴ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገቧ። በዚያ መንገድ ስመላለስ አፌን ዘግቼ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጄን ከእኔ ገላግላት ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። አንድ ዓመት ሙሉ ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች፣ እኔም አምኜ ሱቄን እከፍታለሁ። ያንን ልጅ ስሰድብበት የኖርኩትን ሥራ ቤቴ ውስጥ ስሠራው ከርሜያለሁ፤ እሱ እንኳ ደመወዝ ይከፈለዋል።

«እማ» አልኳት።

«አቤት።»

«እኔ ቤት እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ጎደለብኝ!»

ታዲያ ምን ትለኝ ኖሯል! መታጠፊያውን ስንዞር እጆቼን ዘረጋሁ። «በይ እንግዲያው ዱዓ አድርጊልኝ።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

አየችኝ። ገብቷታል፤ ሞኝ አይደለችም። እሷም እጇን አነሳች። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሲሰሙ ዞር ሳይሉ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ አጠገባቸው ያለችው ባለ ቅርጫት ሴትዮም ዘረጋች፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ።

«ያ ረቢ፣ ይችን ልጄን አደራ። እጇ ደግ ነው» አለች እናቴ።

«አሚን» አለ ሚኒባሱ።

«ቤቷ ይሞቃል፣ ምኝታዋም ይመቻል። ሳትጠየፍ አጥባኛለች። ያበላችኝን አብላት፣ ጀነትን ወፍቃት።»

«አሚን!»

እናቴ ከንፈሯን ጠባች። አሰበች ማለት ነው።

«ምላሷን ግን፣ ያ ረቢ፣ አንተው ያዝልኝ። ከእግሬ ይልቅ የሚያመኝ እሱ ነው።»

«አሚን!» አለ ሚኒባሱ በሙሉ። ረዳቱ በሩ ጋ ቆሞ ከሁሉም በላይ ጮኸ፣ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ደገሙት። እኔም ያቺን የምትነቃነቅ ጥርሴን ከውስጥ በምላሴ ደግፌ አሚን አልኩ።